ጉሎ፤ ከምጣድ ማሰሻ እስከ ጀልባ ሞተር



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው የዘይት ነገር ነው። ዘይት ሲባል አንዳንዱ አንባቢ ስለ ወጥ፥ አንዳንዱም ስለ መብራት ያስብ ይሆናል። እኛ ግን የምንናገረው ስለ ጀልባ ሞተር ዘይት ነው። ነገሩ ሲያዩት ጥቂት ይመስላል፤ ሆኖም አንድ ሞተር በብዙ ገንዘብ ተገዝቶ፥ በብዙ ድካም ተጓጉዞ፥ በጥቂት ማንኪያ ዘይት ስሕተት በአንድ ቀን የማይንቀሳቀስ ብረት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ያ ሞተር የአንድ ማኅበር እንጀራ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ የጠፋው ብረቱ ብቻ አይደለም።

ይህን ነገር ከዋግ ምድር ለመጀመር ወደናል። ሰቆጣ የጥንት የዋግሹሞች መቀመጫ፥ ከአፋር ቆላ የሚወጣው የአሞሌ ጨው ወደ መሐል አገር ሲዘልቅ የሚያልፍባት ትልቅ ገበያ እንደ ነበረች ታሪክ ይመሰክራል። ከዚሁ ቤት የወጡት ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም ነግሠዋል። በአቅራቢያዋም ከዐለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ አንባቢ ግን ዋግንና ጀልባን አንድ ላይ ሲጠሩ ቢሰማ ይደነቅ ይሆናል፤ ዋግ የተራራና የገደል፥ የፍየልና የነጭ ማር አገር ነው እንጂ የባሕር አገር አይደለምና።

ነገር ግን የተከዜ ወንዝ ከላስታ ደጋ ተነሥቶ፥ የዋግን ቆላ በምዕራብ በኩል እየጠረበ ሲወርድ፥ ቁመቱ 188 ሜትር የሆነ ግድብ ተሠርቶለት ኅዳር 2002 ዓ.ም ተመረቀ። 300 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበው ይህ ግድብ ውኃውን ወደ ኋላ መልሶ በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ባለው ሸለቆ ውስጥ ሰፊ ሐይቅ ፈጠረ። ትናንት ገደል የነበረው ስፍራ ዛሬ ወደብ ሆነ፤ ትናንት የፍየል እረኛ የነበረው ወጣትም ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ መረብ የሚጥል ዓሣ አስጋሪ ሆነ። የጀልባ ሞተርም የዋግ ሰው ጉዳይ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። በጣና ላይም ነገሩ ይህን ይመስላል፤ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ብዙ ዘመን ከተሠራ በኋላ በ1978 ዓ.ም ገደማ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረቦች ለዓሣ አስጋሪዎች ገብተዋል።

እንግዲህ ሞተሩን ትተን ወደ ጓሮአችን እንመለስ። በአገራችን ከቆላው ጀምሮ እስከ ወይና ደጋው በየጓሮውና በየወንዙ ዳር፥ ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋ፥ ፍሬውም እሾኻም ሽፋን ያለው አንድ ተክል ይበቅላል። ስሙ ጉሎ ነው። እናቶቻችን የጉሎን ፍሬ ወቅጠው የጋለውን ምጣድ ያሹበታል፤ እንጀራውም ሳይጣበቅ ይነሣል። ቆዳ ፋቂውም ቆዳውን ለማለስለስ ይጠቀምበታል። ከዚህ ያለፈ ክብር የሰጠው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ።

የውጭ አገር ሊቃውንት ግን ጉሎን እንደ መዳብ አልቆጠሩትም። የጥንት ግብፃውያን ፍሬውን በመቃብራቸው ውስጥ ሳይቀር አኑረዋል፤ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም ግብፃውያን ዘይቱን ለመብራትና ለገላ ቅባት ያደርጉት እንደ ነበር ጽፏል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 አገራችንን የጐበኘው የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ከዓለም የእህልና የአትክልት መገኛዎች አንዷ ናት ብሎ ሲመዘግብ፥ ጉሎንም ከዚሁ መዝገብ ውስጥ አግብቶታል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ የምጣድ ማሰሻ ከሞተር ጋር የተገናኘበትን ምክንያት ለመረዳት በመጀመሪያ ባለ ሁለት ምት ሞተር ማለት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1878 ስኮትላንዳዊው ዱጋልድ ክለርክ ፒስቶኑ በሁለት ምት ብቻ፥ ማለት አንድ ጊዜ ወጥቶ አንድ ጊዜ ወርዶ፥ ሥራውን የሚፈጽም ሞተር ሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጆሴፍ ዴይ የተባለ እንግሊዛዊ ነገሩን ይበልጥ አቃለለው፤ አየርና ቤንዚኑ በሞተሩ ሆድ በኩል አልፎ ወደ ሲሊንደሩ እንዲገባ አደረገ። በዚህም ምክንያት ሞተሩ ቀላል፥ ርካሽና ለጥገና የሚመች ሆነ። በ1909 በአሜሪካ ኦሌ ኤቪንሩድ በጀልባ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል ሞተር ለገበያ ሲያወጣ የተጠቀመው በዚሁ ዐይነት ሞተር ነበር።

ነገር ግን ቀላልነቱ አንድ ዕዳ አስከትሏል። ባለ አራት ምት የሆነው የመኪና ሞተር ዘይቱን በሆዱ አጠራቅሞ እየረጨ ራሱን ያለሰልሳል። የባለ ሁለት ምቱ ሆድ ግን የቤንዚንና የአየር መተላለፊያ ስለ ሆነ ዘይት ሊያጠራቅምበት አይችልም። ስለዚህ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ኩሺኔታውንና ፒስቶኑን በመንገዱ ቀብቶ በመጨረሻው ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ይህ ዘይት ሁለት እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሥራዎች ተሰጥተውታል። በመጀመሪያ ሳይቃጠል ብረቱን መጠበቅ አለበት፤ ቀጥሎም ጥላሸትና አመድ ሳይተው ንጹሕ ሆኖ መቃጠል አለበት። የዘይት ምርጫ ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ጉሎ በሞተር ዓለም ስሙን ያገነነው በአውሮፕላን ነው። በ1908 ገደማ በፈረንሳይ አገር የሴጋን ወንድማማቾች ኖም የተባለውን፥ ሲሊንደሮቹ ከነአካላቸው የሚሽከረከሩትን ሞተር ሠሩ። ይህ ሞተር ባለ አራት ምት ቢሆንም ቤንዚኑ በሆዱ ውስጥ ያልፍ ነበርና፥ ከመሬት የሚወጣው የማዕድን ዘይት በቤንዚኑ እየታጠበ ብረቱን ራቁቱን ያስቀረው ነበር። የጉሎ ዘይት ግን በቤንዚን በቀላሉ አይሟሟም፤ ስለዚህም ከብረቱ ላይ አልታጠበም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰማይ ላይ የተዋጉት ብዙዎቹ አውሮፕላኖች የጉሎ ጢስ እየተፉ ይበሩ ነበር። በእንግሊዝ አገርም የዌክፊልድ ኩባንያ በ1909 የጉሎ ዘይት የገባበት የሞተር ዘይት አውጥቶ ካስትሮል ብሎ ሰየመው፤ ስያሜው ካስተር ከሚለው የጉሎ የእንግሊዝኛ ስም የመጣ ነው። ይህ ስም እናቶቻችን ምጣድ ከሚያሹበት ተክል የተወለደ መሆኑን ስንቱ ያውቅ ይሆን?

ጉሎ ይህን ያህል የተወደደበት ምክንያት በጠባዩ ነው። ከመቶው 85 እስከ 90 እጅ የሚሆነው የዘይቱ ክፍል ሪሲኖሌይክ የሚባል አሲድ ነው፤ ይህም ከብረት ጋር አጥብቆ የመያያዝ ኀይል ይሰጠዋል። ደግሞም ሙቀት በበዛበት ጊዜ እንደ ሌላው ዘይት ፈጥኖ አይሸሽም፤ ይወፍርና እንደ ቫርኒሽ ያለ ሽፋን ሆኖ ብረቱን ይጠብቃል። በጋለ ምጣድ ላይ የሚሆነውን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ምጣዱ ሲታሽ የሚያበራው፥ ሊጡም የማይጣበቀው በዚህ ሽፋን ነው። በሲሊንደር ውስጥም ፒስቶኑ ከግድግዳው ጋር እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ይኸው ሥራ ነው።

ይህ ጠባይ እስከ ዛሬ ጐልቶ የሚታየው በሞዴል ጀልባዎች፥ ማለት በትልቁ ጀልባ አምሳል ተሠርተው ከዳር ሆነው በሬዲዮ በሚነዷቸው ትናንሽ ጀልባዎች ዘንድ ነው። የእነዚህ ሞተሮች መጠን በእጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ነው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙዎቹ የሚሠሩት ሜታኖል በሚባለው የእንጨት አልኮል ነው፤ ይህም ቢጠጡት ዐይን የሚያጠፋና የሚገድል መርዝ ስለ ሆነ ጥንቃቄ ይሻል። የጉሎ ዘይት በቤንዚን አልሟሟም ቢልም በአልኮል ግን በሚገባ ይሟሟል። ስለዚህ ከመቶው 20 እጅ ያህል ጉሎ፥ ወይም ጉሎና በፋብሪካ የተቀመመ ዘይት አንድ ላይ፥ ከሜታኖሉ ጋር ይቀላቀላል።

ሆኖም ለጉሎ ያለን ፍቅር እውነቱን እንዳንናገር ሊያግደን አይገባም። ብረቱን የሚጠብቀው ያ ቫርኒሽ ሲደራረብ የፒስቶኑን ፋሻዎች በመቀመጫቸው ውስጥ አጣብቆ ይይዛቸዋል። እንዲሁም በቤንዚን ለሚሠራ ሞተር ጉሎ ከነዳጁ ስለሚለይ አይመችም። ከዚህም ሁሉ በላይ በቤት የተጨመቀ ጉሎ ውኃና ዝቃጭ ስለማያጣው ሞተር ውስጥ ሊገባ አይገባውም። ፍሬው ራሱ ሪሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አለበት፤ መርዙ የሚቀረው በፋጉሎው ውስጥ ነውና ፋጉሎውን ለከብት መስጠት አደገኛ ነው፤ ፍሬውንም ከሕፃናት ማራቅ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። በቤንዚን የሚሠራ፥ በውኃ የሚቀዘቅዝ፥ ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር የያዘ ሰው የትኛውን ዘይት ይግዛ? በገበያ ላይ ያሉት ዘይቶች በጣሳቸው ላይ የተጻፈባቸው የደረጃ ምልክት አለ። ቲ ሲ ደብልዩ ሦስት የሚለው ምልክት በአሜሪካ የጀልባ ሠሪዎች ማኅበር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ነው፤ ትርጉሙም በውኃ ለሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ማለት ነው። ቲ ሲ ብቻ የሚለው የአሜሪካ ምልክትና ጃሶ ኤፍ ሲ ወይም ጃሶ ኤፍ ዲ የሚሉት የጃፓን ምልክቶች ግን በአየር ለሚቀዘቅዙት፥ ለሞተር ብስክሌትና ለዛፍ መቁረጫ መጋዝ የታሰቡ ናቸው።

ልዩነታቸው በአመድ ነው። በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የሚሠራው ዘይት ትኩስ የሆነውን የፒስቶን ራስ እንዲያጸዳ እንደ ካልሲየም ያለ የማዕድን ቅመም ይጨመርበታል፤ ይህም ሲቃጠል ጥቂት አመድ ይተዋል። በጀልባ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠለው ትልቁ ሞተር ግን ቀዝቃዛውን የሐይቅ ውኃ ያለ ማቋረጥ እየሳበ ስለሚሠራ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ለብዙ ሰዓትም በአንድ ፍጥነት ይነዳል። አመዱ በካንዴላውና በፒስቶኑ ራስ ላይ ተከማችቶ ሲግል ነዳጁን ያለ ጊዜው ያቀጣጥለዋል፤ ይህም ፒስቶን እስከ መብሳት ያደርሳል። ስለዚህ ለዚህ ሞተር አመድ የሌለው ቲ ሲ ደብልዩ ሦስት ይገባዋል። በጣናም ሆነ በተከዜ ሐይቅ ላይ ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር የሚነዳ ሰው ይህን ምልክት ሳያይ ዘይት አይግዛ።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በትንሿ ጀልባ ላይ ነው። የቤንዚን ሞዴል ጀልባ ሞተርም በውኃ ይቀዘቅዛል፤ ከጀልባዋ በታች ባለች ቱቦ ውኃው ገብቶ ሲሊንደሩን ዞሮ ይወጣል። ስለዚህ ሰው "ይህም በውኃ የሚቀዘቅዝ ነውና ያው ዘይት ይሆነዋል" ይላል። ስሙ አንድ ነው፤ ኑሮው ግን አንድ አይደለም። ትልቁ ሞተር በደቂቃ 5,000 ወይም 6,000 ጊዜ ሲሽከረከር ትንሹ ከ15,000 በላይ ይሽከረከራል። ውኃው የሲሊንደሩን ውጭ ቢያቀዘቅዝም የፒስቶኑ ራስና ኩሺኔታው እንደ መጋዝ ሞተር ይግላሉ፤ ብዙዎቹም በትውልዳቸው የሣር ማጨጃ ሞተሮች ነበሩና በኋላ የውኃ ልብስ የለበሱ ናቸው። ስለዚህ ሠሪው ሌላ ካላዘዘ በቀር ለዚህ ሞተር የሚሻለው በብርቱ ሙቀት የተፈተነው የጃሶ ኤፍ ዲ ደረጃ ያለው ዘይት ነው። ሰውን በልብሱ ብቻ መመዘን እንደማይገባ ሁሉ ሞተርንም በማቀዝቀዣው ብቻ መመዘን አይገባም።

ከምርጫው ቀጥሎ ልኩ አለ። 50 ለ1 ማለት በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ 25 ለ1 ማለት ደግሞ 40 ሚሊ ሊትር ነው። በዐይን ግምት የሚቀላቅል ሰው በዕድል የሚሠራ ሰው ነው። ዘይት ሲበዛ ይጠቅማል የሚሉም ተሳስተዋል፤ የበዛው ዘይት የቤንዚኑን ቦታ ይይዛል፥ ካንዴላውንም ያረጥባል።

ለእኛ ለደገኞች ደግሞ ሌላ የሚታሰብ ነገር አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን ሰቆጣ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል፤ ቤንዚኑም ለአየሩ ይበዛበታል፥ ሞተሩም ያጨሳል። ባለሙያው ካርቡራተሩን አጥብቦ ቤንዚኑን ሲቀንስ ሞተሩ ይስተካከላል። ነገር ግን በባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለ ሆነ ቤንዚን የቀነሰ ሰው ዘይትም ቀንሷል። ደጋ ላይ የተጠበበውን ካርቡራተር እንዳለ ይዞ ወደ ተከዜ ቆላ፥ ሐይቁ ሲሞላ ከባሕር ወለል በላይ 1,140 ሜትር ወደሆነው ስፍራ፥ የሚወርድ ሰው አየሩ ሲወፍር ቤንዚኑ አንሶት፥ ዘይቱም አንሶት፥ ሞተሩ በመሐል ሐይቅ ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ ሞተር በሚሠራበት ስፍራ ይስተካከል።

የእነዚህ አሮጌ ሞተሮች አንድ በደል ደግሞ ሊሸሸግ አይገባም። ባለ ሁለት ምቱ ከሚጠጣው ነዳጅ ጥቂት የማይባለውን ከነዘይቱ ሳያቃጥል ወደ ውኃው ይተፋዋል። በብዙ አገሮች ባለ አራት ምት ሞተር እየተካው የሄደውም በዚህ ምክንያት ነው። የዋግ ዓሣ አስጋሪ እንጀራውን የሚበላው ከሐይቁ ነውና ትክክለኛ ዘይት በትክክለኛ ልክ መጠቀም ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ዓሣውንም መጠበቅ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ ከእናንተ ብዙዎቹ ጀልባ ነድታችሁ አታውቁም፤ ወደፊትም ላትነዱ ትችላላችሁ። ይሁን እንጂ በየመሥሪያ ቤታችሁ የግዢ ወረቀት የምትጽፉ፥ የምትመረምሩና የምትፈርሙ እናንተ ናችሁ። በወረቀቱ ላይ "የሞተር ዘይት፥ ይህን ያህል ሊትር" ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ነጋዴው ርካሹን ያቀርባል፤ ርካሹም ለመኪና የተሠራው የባለ አራት ምት ዘይት ሊሆን ይችላል። በወረቀቱ ላይ ስሕተት የለም፤ ሒሳቡም ይወራረዳል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በሸለቆ ውስጥ ያለው ማኅበር ሞተሩ ነክሶበት በመቅዘፊያ ወደ ዳር ሲመለስ ጉድለቱን ከማን እንደ ተቀበለ አያውቅም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት ከፊታችሁ ሲቀርብ ብዕሩን ከማንሣታችሁ በፊት ሞተሩ የትኛው ነው፥ የሠሪው መጽሐፍ ምን ይላል፥ በጣሳው ላይ ያለውስ ምልክት የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሦስት መስመር ጽሕፈት ነው፤ የአንድ ማኅበር እንጀራ ግን በእርሱ ላይ ነው።